የአዴ ሹሜ ገብስማ ዶሮ

ከፊት ለፊቴ ያለው ቤት እየታደሰ ነው። ሠራተኞቹ ሲሚንቶና አሸዋቸውን ደረጃው ሥር ቆልለው ነው የሚያቦኩት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ድንገት የወረደው ዝናብ ያንን አቧራ ሲነካው የተነሣው ሽታ በመስኮት ገባብኝና፣ ዚፑን የምቀይርለትን ቀሚስ ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩ ደንዝዤ ቀረሁ። የዚህን ሽታ ነገር ለሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ሌላው ሰው ልጅነቱን የሚያስታውሰው በአበባ ወይም በወጥ ሽታ ይሆናል። እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ኑሮን እንደገና የጀመርኩት የካ አባዶ ነውና፣ እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ ያ ዘመን ከነሰዎቹ፣ ከነጭቃው፣ ከነዶሮዋ ተነሥቶ ፊቴ ይቆማል።

ከተማው ሁሉ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ከቦሌ እስከ አያት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያልታሰረበት ፎቅ፣ ጉድጓድ ያልተቆፈረበት መንገድ አልነበረም። ካዛንቺስ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ፈርሶ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልኝ፣ «ግራውንድ ደረሰሽ? ታድለሽ!» ያለኝ ሰው ብዛቱ! በእርግጥም ታድዬ ነበር፤ ውኃ እንደልብ ባይመጣም፣ መጥቶ ሲንጠባጠብ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእኛ ነው። ልጄ ሕሊና ያኔ ቦሌ አንድ ቢሮ ተቀጥራ ነበር። ጠባብ ሱሪዋን ለብሳ፣ የጭቃ ቦቲ ተጫምታ ትወጣና መገናኛ ስትደርስ ቦቲውን በፌስታል ጠቅልላ የቢሮ ጫማዋን ታደርጋለች። የአባዶ ልጅ መሆኗ ቢሮ እንዳይታወቅባት ነው። እንቁላል ሦስት ብር ገባ ተብሎ ጉድ ነው ያልንበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ይህን ሳወራ ወጣቶቹ ይስቁብኛል። ከብሎካችን ሥር የተከፈተው ጁስ ቤት አቮካዶና ማንጎ ደራርቦ እየሸጠ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ያስጮኻል። ዜማው እስከ ዛሬ ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣል፤ ግጥሙ ግን ጠፍቶብኛል። እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ ያቺን የእግር ስፌት መኪናዬን በረንዳው አጠገብ አቁሜ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ መንገደኛውን አያለሁ።

ከብሎካችን ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር ማዶ፣ አንድ የገበሬ ግቢ ቀርቶ ነበር። እርሻው ቀድሞ ሄዷል። እኛ የምንኖርበት ብሎክ ራሱ የቆመው ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። የቀረው አንድ የጭቃ ቤት፣ ከጎኑ ጓዳ፣ ጥቂት ጎመንና ዶሮዎች ነበሩ። የግቢው ባለቤት አዴ ሹሜ ይባላሉ፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡኝ፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። በረደም ሞቀም የሟች ባላቸውን ካፖርት ቀሚሳቸው ላይ ይደርባሉ። የተዋወቅነው በጠብ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀን በረንዳዬ ፊት ያሰጣሁት በርበሬ ላይ ዶሮዎቻቸው ወጥተው ይጨፍራሉ። መጥረጊያ ይዤ ሳባርራቸው፣ አዴ ሹሜ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው፣

«አትምቻቸው እባክሽ» አሉኝ። «እነሱ አሁንም የራሳቸው ግቢ ነው የሚመስላቸው። አጥሩ ትናንት መጥቶ እንዴት ይወቁ?»

መጥረጊያዬን አወረድኩ። በማግስቱ አንድ እቅፍ ጎመን ይዘውልኝ መጡ፤ እኔም የካፖርታቸውን የተቀደደ ገበር ሰፋሁላቸው። በዚያው ጎረቤት ሆንን።

ከዶሮዎቹ መካከል አንዲት ገብስማ ነበረች። ነጭና ግራጫው የተቀላቀለባት፣ አንገቷ ላይ ወርቅማ ነገር ጣል ያለባት፣ ሌሎቹ ጥሬ ላይ ሲራኮቱ እሷ ረጋ ብላ ዳር ዳሩን የምትለቅም። አዴ ሹሜ «ሀንዳቆ» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ በኦሮምኛ ዶሮ ማለት ነው፣ ሌላ ስም የላትም። ሌሎቹም ዶሮዎች እኮ ናቸው ስላቸው ይስቃሉ። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ተቀምጠን ጎመን ስንቀነጥስ አጫወቱኝ። «ስዳር እናቴ የምትሰጠኝ ጊደር አልነበራትም። አንዲት ቄብ ነው በእጄ ያስያዘችኝ። እያለቀስኩ፣ ዶሮ አቅፌ ነው ባሌ ቤት የገባሁት። ይቺ የዚያች ዘር ናት። ሌሎቹን ከገበያ ነው የገዛኋቸው፣ የዚያች ዘር ግን ከግቢዬ ጠፍቶ አያውቅም። ባሌ ሞተ፣ መሬቱ ሄደ፣ ይሄ አልጠፋም።»

የዚያ ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ ግቢውም ተፈለገ። እንዴትና ለምን እንደሆነ ያኔም በደንብ አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም። ስብሰባ ተጠሩ፣ ወረቀት ደረሳቸው፣ ለልጃቸው ለቶላ ከአራብሳ ማዶ ቦታ ተመራለት፤ ክረምቱ ሳይገባ ልቀቁ ተባለ። አዴ ሹሜ ዶሮዎቹን ለበዓል ሸጠዋቸው ነበር። ገብስማዋን ብቻ አስቀሩ፤ እሷም ወዲያው አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ጓዳው ጥግ ተኛች። ዓይናችን እያየ ቤቱ ከጣሪያው ተነሥቶ ያልቅ ጀመር። እንደዚያ ነበር የሚደረገው፤ ሰው የራሱን ቤት በራሱ እጅ ፈትቶ፣ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ቆጥቦ ወደ አዲሱ ቦታ ይወስዳል። ቶላ ዝም ያለ፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነበር። ቆርቆሮ ሲነቅል ምስማሩን እንኳ እያቃና በጣሳ ያጠራቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስፌቴ ላይ ሳለሁ የሆነ ነገር ሲናድ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ አዴ ሹሜ በሬ ላይ ቆሙ፤ ዶሮዋን በነጠላቸው አቅፈዋታል። ቶላ ከኋላቸው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ባርኔጣው ውስጥ እንቁላሎቹ አሉ።

«እታገኝ፣ ተሰበረችብኝ» አሉ አዴ ሹሜ።

«ምን ነካት?»

«ጓዳውን መጨረሻ እናፍርሰው፣ እሷ እዚያ ናት ብዬ ነበር። ግድግዳው አልጠበቀም። በዝናብ ርሶ ኖሮ ራሱ ወደቀ፤ ወራጁ እላይዋ ላይ መጣ።»

ቶላ አንገቱን እንደደፋ፣ «እኔ እኮ አልነካሁትም፣ አዬ» አለ። እናቱን እንዲያ ነው የሚጠራቸው። «ቆርቆሮውን ብቻ ነው የሳብኩት።»

«ማን አንተን አለህ?» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለው ነበር።

ነጠላውን ስንገልጠው ግራ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ክንፏም ወርዷል፣ ከሥሩ ደም አለ። ከመጥረጊያ እጀታ ሸምበቆ ሰነጠቅሁ፣ ከመሳቢያዬ የገበር ጨርቅ ቀደድኩ። እኔ ያዝኳት፣ አዴ ሹሜ አሰሩ። ጣቶቻቸው የተሰበረውን ሲያገኙት ትጮኻለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልጮኸችም። የዓይኗ ቆብ ብቻ ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ ቀስ ብሎ ይከፈታል። የልቧ ምት መዳፌ ላይ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይሮጥ ነበር። የቲማቲም ካርቶን ውስጥ ጭድ አነጠፍንና እንቁላሎቹን ደርድረን እላያቸው ላይ አስቀመጥናት። ትተዋቸዋለች ብለን ነበር። እሷ ግን በደህናው ክንፏ ዳር ያለውን እንቁላል ወደ ሆዷ ሳበችው። ቶላ ይህን ሲያይ ወጥቶ ሄደ።

«ዕቃ የሚጭነው መኪና ሰኞ ነው» አሉኝ አዴ ሹሜ። «በዚያ መንገድ ብወስዳት ትሞታለች፤ እሷ ባትሞት እንቁላሉ ተናውጦ ያልቃል። እስክትፈለፍል ያዥልኝ። ከዚያ በኋላ እሷ እንደ ፈጣሪ ፈቃድ፤ ጫጩቶቹን መጥቼ እወስዳለሁ።»

«ምን ገዶኝ፣ እይዛታለሁ» አልኩ። ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሴት፣ ዶሮ ከበዓል ገበያ አምጥቼ ከማሳረድ በስተቀር ስለ ዶሮ ምን አውቃለሁ? ግን እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰኞ መኪናው መጣ። አዴ ሹሜ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ቶላ ከላይ ቆርቆሮው ላይ። ካርቶኑን ያኖርኩበት በረንዳ ከመንገዱ ይታያል፤ ሲያልፉ አንገታቸውን ብቻ አወጡ፤ እጃቸውን አላውለበለቡም።

ከዚያ በኋላ ቤቴ የዶሮ ቤት ሆነ። ጠዋትና ማታ ከእንቁላሎቹ ላይ አንሥቻት ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የተፈጨ ማሽላ በውኃ አርሼ በመዳፌ እሰጣታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትለቅም ነበር። ወዲያው መመለስ ትፈልጋለች፤ በአንድ እግሯ ጭኔን እየገፋች ወደ ካርቶኑ ታዘነብላለች። ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡ ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አንዷ፣ «እትዬ እታገኝ፣ ይቺን አርደው ቢገላገሏትስ?» አለችኝ። «የሰው አደራ ናት» ስላት፣ ዶሮ በአደራ የሚሰጥ አገር እንዳለ መስማቷ ነው መሰል፣ አፏን ይዛ ሄደች።

ብርዱ ግን ጠላታችን ሆነ። የዚያን ዓመት ዝናብ ቀድሞ ገባ፤ ዶሮዋ ደግሞ በተሰበረው ጎኗ በኩል እንቁላሎቹን መሸፈን አቅቷት ነበር። በእጄ ስዳስሳቸው በዚያ በኩል ያሉት ቀዝቃዛ ናቸው። ቦታ እያቀያየርኩ አገላብጣቸዋለሁ፤ ይጥቀማቸው ይጉዳቸው አላውቅም።

ሕሊና ከሥራ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። «እማ፣ ኦንላይን አይቻለሁ። ሂት ነው የሚያስፈልጋት። አምፖል ነው የሚያበሩላቸው፣ በጣም ሲምፕል ነው።» ወንበር ላይ ወጥታ የሳሎኑን አምፖል በገመድ አውርዳ ከካርቶኑ በላይ አንጠለጠለችው። ቢጫው ብርሃን ገብስማዋ ላይ ሲወርድ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ላይ አየች። እኔና ልጄ ተያይተን ሳቅን፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን የሳቅነው ያኔ ነው። ራታችንን በልተን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። ይመጣል ብለን ጠበቅን። በማግስቱም አልመጣ፣ በሦስተኛውም ቀን ብልጭ ብሎ ሄደ። «ትራንስፎርመሩ ነው» አሉ፤ የትኛው ትራንስፎርመር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ውኃ በከሰል አሙቄ በፕላስቲክ ጠርሙስ እያደረግሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ጎኗ ላይ አስደገፍኩ። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ እለውጣለሁ። ስፌቴን ተውኩት።

አዴ ሹሜ በልጃቸው ስልክ ይደውላሉ። ከኋላቸው ላስቲክ በነፋስ ሲርገበገብ ይሰማኛል፤ ቤቱ ገና ስላልቆመ በላስቲክ ሥር ነው ያሉት።

«ሀንዳቆዬ እንዴት ናት?»

«በልታለች፣ ግን ትንሽ ነው።»

«እንቁላሉስ?»

«አንዳንዱ ይቀዘቅዝብኛል፣ አዴ። የማደርገው ጠፋብኝ።»

«ምን ታደርጊ» ይላሉ። «እኔም ብኖር ከዚህ ሌላ ምን አደርጋለሁ።»

ሽታው መለወጥ ሲጀምር ጨርቁን ፈታሁት። ከክንፏ ሥር ያለው ቁስል መግል ይዟል። በጨው ውኃ አጠብኩት፤ በማግስቱ ባሰበት። በካርቶን አድርጌ፣ እንቁላሎቹን በሕሊና ሹራብ ጠቅልዬ ከጠርሙሶቹ ጋር ትቼ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮተቤ ሄድኩ። እዚያ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ሐኪም አለ ብለውኝ ነው። ሰልፍ ላይ የነበሩት ገበሬዎች ስለ ላምና ስለ በግ ነው የሚጠይቁት። ተራዬ ሲደርስ ካርቶኑን ከፈትኩ። ሐኪሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነበር፤ ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልሳቀም። እግሯን ዳሰሰ፣ ክንፏን ገለጠ፣ ምንቃሯን ከፍቶ አየ።

«ማዘር፣ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሰንብቷል። መርፌ የለም? ዶሮ ለሚያረቡ ሰዎች የሚሰጡት?»

«ያ ለበሽታ ነው። መርፌውን ልወጋት እችላለሁ፣ እወጋታለሁም። ግን አጥንቱ ዳሌዋ ላይ ነው የተሰበረው። ለዚህ የማደርገው የለኝም፤ እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው። እያመማት ነው።»

«እንቁላል ታቅፋለች እኮ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲህ ሆና?»

«እንዲህ ሆና።»

መርፌውን ወጋት፤ ለቁስሉ የሚነሰነስ ዱቄት ሰጠኝ፤ በሩ ድረስ ሸኘኝ። የሰውየው ደግነት የበለጠ ተስፋ አስቆረጠኝ። ቢያመናጭቀኝ ኖሮ፣ ይሄ አያውቅም ብዬ ሌላ ሐኪም ፍለጋ እሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው የሄደችው። ማሽላውን ታየዋለች እንጂ አትለቅምም። በሻይ ማንኪያ ውኃ ምንቃሯ ዳር ሳንጠባጥብላት መጀመሪያ ትውጥ ነበር፤ ኋላ መልሶ ይፈሳል። ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገረጣ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ መሰለ። አንድ ጠዋት ሳነሣት ላባ ብቻ ያነሣሁ መሰለኝ። እንቁላሎቹ ሁሉም ቀዝቅዘዋል፤ እኔ ያሞቅሁት ጎን እንኳ። አንዱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ፤ ምን እንደምሰማ ሳላውቅ። ለአዴ ሹሜ ደወልኩና፣ «ይምጡ» አልኩ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

በሦስት ታክሲ ነው የመጡት። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ፤ ጉንጫቸው ገብቷል። ውኃ ላቅርብ ስል በእጃቸው ከለከሉኝና በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄደው የሴራሚኩ ወለል ላይ ቁጭ አሉ። ዶሮዋን አንሥተው ካፖርታቸው ውስጥ አስገቧት። ድምፃቸውን ስትሰማ አንዴ አንገቷን አነሣች። ለእኔ እንዲያ አድርጋ አታውቅም።

ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጆሯቸው ላይ ነቀነቋቸው። እያንዳንዱን ሲያስቀምጡ ፊታቸውን አያለሁ። የመጨረሻውን አስቀመጡና፣ «ውኃ ሆነዋል» አሉ።

ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነኝ። «አዴ፣ ያልሞከርኩት የለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጠርሙሶቹን አያቸዋለሁ እኮ» አሉኝ።

ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጥን። የአዲሱን ቦታ ነገር አጫወቱኝ። ጎረቤቶቹ ከየሰፈሩ የመጡ ስለሆኑ ማን የማን እንደሆነ ገና አልተለየም፤ ውኃው ሩቅ ነው፤ ቶላ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ በር ላይ ለጥበቃ ሥራ ተመዝግቦ እየጠበቀ ነው፤ ማታ ማታ ምስማሮቹን አውጥቶ ይቆጥራል። «እንዳይሰማው ብዬ፣ ድናለች እለዋለሁ» አሉ። ቤታቸው ሲፈርስ አላለቀሱም ነበር፤ መኪናው ላይ ሲወጡም። አሁን ካፖርታቸው እስኪርገበገብ አለቀሱ፤ እኔም ትከሻቸውን ከመያዝ ሌላ የማውቀው አልነበረም። ሲረጋጉ ካፖርቱን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ሸፈኑት። መቼ እንደሞተች አንዳችንም አላወቅንም።

«የቆሻሻ ገንዳው ከብሎኩ ማዶ ነው» አልኩ፤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ።

«እንዴት ገንዳ ውስጥ?» አሉ። ዶሮዋን ካርቶኑ ውስጥ፣ እንቁላሎቹ ላይ መልሰው አስቀመጧት። «እቤቷ ነው የምቀብራት።»

ግቢያቸው በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከስልጤ የመጣ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሲያይ ግራ ገባው።

«እናቴ፣ ሰው እንዳይገባ ተብያለሁ። ካየኝ አለቃዬ ያባርረኛል።»

«ገብቼ አልቆይም። አንዲት ጉድጓድ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ እናቴ፣ ግን አልችልም። እኔም እንጀራዬ ነው።» ወደ ግራና ቀኝ አየ። እሳቸውም አልተከራከሩም፤ አልሄዱምም። ቆሙ ብቻ። ሰውየው የሚያደርገው ሲጠፋው እጁን ዘርግቶ ካርቶኑን ተቀበላቸውና፣ «የት ጋ ላድርግልዎት?» አለ።

አዴ ሹሜ በሁለት ቆርቆሮ መካከል ባለው ክፍተት ፊታቸውን አስጠጉ። ውስጡ ሁሉ በማሽን ተደልድሎ ጠጠር ፈሶበታል፤ የበቀለ ነገር የለም፣ የቆመ ነገር የለም። ዘበኛው አካፋ ይዞ መሀሉ ላይ ቆመ።

«ወደ ግራ» አሉት። «ትንሽ ወደፊት። እሱ ደጃፉ ነው፣ እዚያ አይሆንም። ምድጃውን እለፈው። አሁን ወደ ውስጥ ግባ፤ ጓዳው እዚያ ነው።»

ሰውየው ምንም አያይም። ግን ባሏቸው ቦታ ሁሉ እየረገጠ ሄደ፤ «እዚህ?» ይላል፣ «አይ፣ ጥግ ላይ» ይሉታል። ጥግ ያሉት ቦታ ሲደርስ መቆፈር ጀመረ። ጠጠሩ ጠንክሮ አስቸገረው። ቀብሮ ሲጨርስ ወደ ክፍተቱ መጣና፣ ላቡን በእጁ እየጠረገ፣ «አልጋው በየት በኩል ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። አዴ ሹሜ ነገሩት። ከዚያ ሰው የሚቀመጥበትን መደብ፣ ከዚያ ጥጃዋ የምትታሰርበትን ጥግ፣ ከዚያ ባላቸው የሞቱበትን ቦታ አሳዩት፤ እሱም አካፋውን ተደግፎ፣ በጣታቸው ያሳዩትን ሁሉ ዘወር እያለ ያይ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። የማደርግላቸው አንድም ነገር አልነበረም።